ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የአሮጌ ቮልስ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ጠዋት ነው። ቁልፉን ስታዞሩት «ጠቅ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። እንደገና ታዞራላችሁ። «ጠቅ»። ጎረቤት ብቅ ብሎ «ባትሪው ሞቷል» ይላል። የሰፈር ልጆች ለመግፋት ተሯሩጠው ይመጣሉ።

የእኔ ቮልስ፣ ባለ 1300 ሞተሯ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አደረገችኝ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባትሪ ተቀየረ። ለሁለት ሳምንት ደህና ሆነችና ተመልሳ «ጠቅ» አለች። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተፈትቶ ተጠገነ። አሁንም «ጠቅ»። ቀጥሎ የቁልፍ ማስነሻው ይቀየር ተባለ። ያኔ ተስፋ ቆርጬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልኝ» አልኳቸው።

መፍቻ እንኳን አላነሱም። «አስነሳ» አሉኝ። «ጠቅ»። «ድገም።» «ጠቅ»። «አሁንም ድገም።» ከዚያ ሞተሩ ያለበትን የኋላውን ኮፈን ከፍተው ከነዳጅ ፔዳሉ የሚመጣውን ገመድ በሁለት ጣት ያዝ አደረጉና ወዲያው ለቀቁት።

«ና፣ ንካው» አሉኝ። ነካሁት። ይፋጃል።

ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም። የነዳጅ ገመድ ምን አሞቀው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙት በጎማ ላይ ነው። ንዝረት እንዳያስቸግር ተብሎ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው ከካምቢዮው ወደ መኪናው አካል አንድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ዘርግቷል። ሞተሪኖው የበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ ማሰሪያ ነው። የእኔ ማሰሪያ ከታች በጭቃና በውሃ በልቶ ጥቂት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። መንገድ ያጣው ኤሌክትሪክ ሌላ መመለሻ ሲፈልግ ያገኘው የነዳጁን ገመድ ነው። ያ ገመድ ቀጭን የብረት ሽቦ ነው። ሞተሪኖ የሚጠይቀውን ኃይል ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ይግላል።

ማሰሪያው ተቀየረ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያስጣልኩት ባትሪ ምንም አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በየቀኑ የሚነዱ ቮልሶች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ በሚባል ከተማ፣ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ስለዚህ ዕቃ ጨርሶ አይጠፋም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከመኪናችሁ ላይ የሚወልቀው የድሮ የጀርመን ዕቃ ብዙ ጊዜ አዲስ ከሚገባው ኮፒ ይሻላል። በግምት ዕቃ መቀየር ገንዘብ መጨረስ ብቻ አይደለም። ደህናውን አውጥቶ ደካማ ማስገባት ነው። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ለዚህም ነው የምጽፈው።

የኤሌክትሪክም ሆነ የነዳጅ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ወደ ባትሪ ይመለሳል። ቤንዚን ከታንክ ወጥቶ፣ በፓምፕ አልፎ፣ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ይደርሳል። ሥራችን መንገዱ የት ጋ እንደተቆረጠ ማግኘት ነው። ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

የቮልስን ኤሌክትሪክ ሰዎች የሚፈሩት ሽቦው የተወሳሰበ ስለሚመስላቸው ነው። ግን ጀርመኖች አንድ ትልቅ ውለታ ውለውልናል። የሽቦ ማሰሪያ ቦታዎች ላይ ቁጥር ጽፈዋል። ቁጥሩ በቮልስም፣ በድሮ መርሰዲስም፣ በኦፔልም አንድ ነው። 30 ማለት ቁልፍ ቢዘጋም ባይዘጋም ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለበት ነው። 15 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። 50 ቁልፉን ለማስነሳት ስታዞሩት ለሞተሪኖው ትእዛዝ የሚያደርሰው ነው። 31 ማሳ ነው፤ ግራውንድ የሚሉትም አሉ፤ መመለሻው መንገድ ማለት ነው። 61 ደግሞ የቻርጅ መብራቱ ነው። እነዚህን አምስት ቁጥሮች የያዘ ሰው ሞተሪኖው ስር ገብቶ የትኛው ሽቦ ምን እንደሚሠራ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

መሣሪያውም ብዙ አይደለም። አንድ ርካሽ ዲጂታል ቴስተርና ሁለት ሽቦ የተበየደበት ትንሽ አምፖል ይበቃል። አምፖሏን አትናቋት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የቤታችሁን የውሃ መስመር አስቡት። ቧንቧው ውስጥ ዝገት ሞልቶ ቀዳዳው መርፌ አክሏል እንበል። የውሃው መክፈቻ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱን ብትለኩት ሙሉ ነው። መክፈቻውን ስትከፍቱት ግን ጠብ ጠብ ይላል። ቮልትም እንደዚሁ ነው። ዝገት የበላው ሽቦ ምንም ሳይሸከም ስትለኩት 12 ቮልት ያሳያችኋል። ሥራ ስትሰጡት ይወድቃል። «ቮልቱ ደህና ነው፣ ስለዚህ ሽቦው ደህና ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳሳተው በዚህ ነው። አምፖሏ ግን ትንሽም ቢሆን ኃይል ስለምትበላ የሞተውን ሽቦ ታጋልጣለች። እንደ ሞተሪኖው ላለው ከባድ መስመር ደግሞ ዕቃው እየሠራ መለካት ነው።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፤ በተራበ ባትሪ ምርመራ አይጀመርም። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉና እዚያው ባትሪው ላይ እንደገና ለኩ። 10 ቮልት አካባቢ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው። ወደ 8 ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየበላ ነው።

አሁን ዋናው መጣ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ አድርጉ። የሽቦው መቆንጠጫ ላይ ሳይሆን የእርሳሱ ምሰሶ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሪኖው አካል ላይ። ሰውየው ቁልፉን ያዙር። ጤነኛ መመለሻ መንገድ ከ0.3 ቮልት በታች ያሳያል። የእኔ መኪና ማሰሪያዋ ከመቀየሩ በፊት ሽማግሌው መካኒክ ሲለኩት ከ3 ቮልት በላይ ነበር። ሞተሪኖው ከሚገባው ኃይል ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፖዚቲቩ በኩልም ተመሳሳዩ ይደረጋል፦ ከባትሪው ፖዚቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው 30 ቁጥር። በእነዚህ ልኬቶች ባትሪውን፣ ወፍራሙን ሽቦና ማሳውን ለያችኋቸው። አንድም ቡሎን አልፈታችሁም።

መኪናችሁ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ይህ ጉዳይ እጥፍ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው። በግማሽ ቮልት ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ኤሌክትሪክ (አምፒር) በሽቦው ማለፍ አለበት። ስለዚህ በ12 ቮልት መኪና ትንሽ የሆነ ዝገት በ6 ቮልት መኪና ላይ ያስቆማል። «6 ቮልት ደካማ ነው» ይባላል። መገናኛው ንጹሕ ከሆነ ግን ፋብሪካው እንዳሰበው ይሠራል።

የመብራት ጣጣም አብዛኛው እዚያው ማሳ ላይ ነው። ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱ አብሮ ጭል ጭል ካለ፣ ወይም ፍሬን ስትይዙ የጎኑ መብራት ከደበዘዘ፣ አምፖል አትግዙ። የመብራቱ ቤት ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ፊውዞቹም አሉ። የድሮ ቮልስ ፊውዝ እንደ ጥይት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ላይ የብረት ስትሪፕ ያለው ነው፤ ነጩ 8 አምፒር፣ ቀዩ 16 አምፒር። ሳይቃጠል ጫፉ ብቻ ይዝጋል። ቁልፉን ዘግታችሁ ቦታው ላይ እንዳለ በጣት ዘወር ዘወር አድርጉት። ስንት ጊዜ ክላክስና ዝናብ መጥረጊያ በዚህ ብቻ ከሞት ተነሥቷል! ግን የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስን እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ፊውዙ የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ቀዩ መብራት ሲበራ

በሌላ መኪና የቻርጅ መብራት ሲበራ አንዳንዴ ቤት ድረስ ነድቶ መግባት ይቻላል። በቮልስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ማየት የግድ ነው። ምክንያቱም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን የተገጠመው ባትሪውን ቻርጅ በሚያደርገው ዲናሞ ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅ ብቻ አይደለም የሚቆመው። ማቀዝቀዣውም ይቆማል። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ ሌላ መከላከያ የለውም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞተሩን ለመጨረስ ይበቃል።

ስለዚህ መብራቱ እንደበራ ጥግ ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ኮፈኑን ክፈቱ። ቺንጋው ካለና ፋኑ የሚዞር ከሆነ ችግሩ ዲናሞው ወይም ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፤ መብራት ሳታበዙ ቤት መግባት ትችላላችሁ። ቺንጋው ከሌለ ግን አንድ ሜትርም አትንዱ።

ትርፍ ቺንጋ ከያዛችሁ መቀየር ቀላል ነው። የዲናሞው ፑሊ ለሁለት የሚከፈል ነው። በመካከሉ ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ። ከመካከል አንድ ቀለበት ስታወጡ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረቡና ቺንጋው ይጠብቃል። ስትጨምሩ ይላላል። በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጎበጠ ልኩ ነው። ከመካከል ያወጣችሁትን ቀለበት ኪስ ውስጥ አትክተቱት። ከፑሊው ፊት ለፊት፣ ዳዶው ስር አድርጋችሁ እሰሩት። የሚቀጥለው ሰው እዚያው ያገኘዋል። ፋብሪካው ይህን እንኳን አስቦበታል።

ሞተሩ እየሠራ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት ባትሪው ላይ ስትለኩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካገኛችሁ ቻርጁ ጤነኛ ነው።

ይዞራል ግን አይነሣም

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። እሳት አለ? ማለትም ካንዴላው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበት ብልጭታ። ቤንዚን አለ? ሰው ግን ወዲያው ካርቡሬተር ይፈታል። የካርቡሬተር ብልሽት ከተባሉት ውስጥ ስንቱ የእሳት ችግር እንደሆነ ብታዩ ትገረማላችሁ። ስለዚህ ከእሳቱ ጀምሩ።

ቮልቱን ከፍ ከሚያደርገው ኮይል፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር መካከል የሚገባውን ወፍራም ሽቦ ንቀሉ። ጫፉን እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ይዛችሁ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር አርቁት። የፈሰሰ ቤንዚን አካባቢው አለመኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰው ያዙር። ሰማያዊ፣ «ጣ! ጣ!» የሚል እሳት ከዘለለ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ወደ ኋላ እንሂድ።

አምፖሏን አምጡ። ኮይሉ ላይ 15 እና 1 የሚል ታያላችሁ። ቁልፉን ክፈቱና አምፖሏን 15 ላይ አድርጉ፤ ሌላው ጫፏ ማሳ ላይ። ካልበራች ኮይሉ ኃይል እየደረሰው አይደለም፤ ችግሩ ቁልፉ ወይም ሽቦው ነው። ከበራች ወደ 1 አዙሯትና ሞተሩን አሽከርክሩ። አሁን ብልጭ ድርግም ማለት አለባት። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት ፖይንት ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። ሳትጠፋ ከበራች ኮንታክቱ እየተገናኘ አይደለም፤ ቆሽሿል ወይም ተቃጥሏል። ጨርሶ ካልበራች ወይ ኮንታክቱ እየተከፈተ አይደለም፣ ወይ ከኮንታክቱ ጋር የሚሠራው ኮንደንሰር ሾርት አድርጓል፣ ወይ ኮይሉ ውስጡ ተበጥሷል። አንዲት አምፖል ይህን ሁሉ ትነግራችኋለች።

የኮንታክቱ ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው ትንሽ የፋይበር ጉጥ ስለሚያልቅ ክፍተቱ ራሱን በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። «ትናንት ደህና ነበረች» የምንለው ለዚህ ነው። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ቀስ እያለ ሲጠብ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት በብርዱ እምቢ አለ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍታችሁ አትቆዩ። ኮንታክቱ ተዘግቶ ከሆነ ኮይሉ ይግላል።

እሳቱ ካለ ወደ ቤንዚኑ። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ሞተሩን አዙሩ። በምት በምት ፊጭ ፊጭ ማለት አለበት። ካላለ የታንኩን ክዳን ክፈቱና እንደገና ሞክሩ። ክዳኑ ሲከፈት «ፍስስ» ካለና ቤንዚኑ ከመጣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ፓምፑ ንጹሕ ነው። ጠርሙሱን ጨርሳችሁ ከዚያ ማራቅ አትርሱ።

ከሁሉ የሚያሞኘው ብልሽት ይሄ ነው። መኪናዋ ነዳጅ ስትሰጧት ትሄዳለች፤ እግራችሁን ስታነሡ ሚኒሞ ላይ ትጠፋለች። ሰው ሁሉ «ካርቡሬተሩ ይታጠብ» ይላል። አብዛኞቹ የ12 ቮልት ቮልሶች ካርቡሬተራቸው ጎን ላይ አንድ ሽቦ የገባበት ትንሽ የናስ ቫልቭ አላቸው። ቁልፍ ሲከፈት ተከፍቶ የሚኒሞውን ቤንዚን ያሳልፋል። ሽቦዋ ከወለቀች ሚኒሞ የለም። ቁልፉን ክፈቱና ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩ። «ጠቅ» ካለ ይሠራል። ካላለ ካርቡሬተሩን ለማጠብ አትቸኩሉ። የቤንዚን የመሰለው ነገር የኤሌክትሪክ ነበር።

ሙቀትና ከፍታ

ከአዳማ ስትመለሱ ዳገቱን ጨርሳችሁ ቡና ለመጠጣት ቆማችሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አትነሣም። መካኒክ እስኪመጣ ትቀዘቅዝና ራሷ ትነሣለች። መካኒኩም ምንም አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም እጠይቃችኋለሁ። እምቢ ባለችበት ሰዓት ፈትኗት። ከተነሣች በኋላ ማስረጃው ጠፍቷል። ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ሞተሩ ሲቆም የተጠራቀመው ሙቀት ፓምፑ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍልቶ እንፋሎት ማድረጉ ነው። ሁለተኛው ሲሞቅ የሚከዳ ኮንደንሰር ወይም ኮይል ነው። ከላይ ያልኩትን የእሳት ምርመራ እዚያው መንገድ ዳር አድርጉ። እሳት ካለ ቤንዚን ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። እሳት ከሌለ ኮንደንሰሩን ቀይሩ፤ ካልሆነ ወደ ኮይሉ።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ለስስ አየር ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ በጠበበ መቀየር እዚህ ይረዳል። ግን በዚያው ቀዳዳ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ቆላ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ከጥላሸት የከፋ ነው። ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ የፋብሪካው ልክ ይሻላችኋል።

ሙቀት ካነሣን፣ ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች ማንም ነቅሎ እንዲጥልባችሁ አትፍቀዱ። «ሥራ ያስቸግራሉ» ተብለው የሚጣሉት እነሱ ናቸው ንፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት። በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ጎማም ከስር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክል ነው።

ጆሮና እጅ

የሜካኒክ ብልሽት ቀድሞ ይናገራል። ቀጭን «ትክ ትክ» ከላይ የሚሰማ ከሆነ ቫልቭ ነው። በአብዛኞቹ የ12 ቮልት ሞተሮች የቫልቭ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ይስተካከላል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ድምፁ ያናድዳል ብላችሁ አታጥብቁት። የሚጮኽ ቫልቭ ይሠራል። የጠበቀ ቫልቭ ግን በደንብ ሳይዘጋ ስለሚቀር ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚህን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ በላይ ይግላል።

የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ለማወቅ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርጉና እጀታው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጎማ ወይም ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ኮፍያ አንድ በአንድ ነቅላችሁ መልሱ። ጤነኛውን ስትነቅሉ ሞተሩ ይንገዳገዳል። ስትነቅሉት ምንም ለውጥ የሌለው እሱ ነው የታመመው።

ሞተር ይፈታ አይፈታ የሚል ክርክር ሲመጣ ደግሞ እጃችሁን ከታች ወዳለው ትልቁ ፑሊ ስደዱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ። ወደ እናንተ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። ጤነኛ ክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚንቀሳቀሰው 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቋ» ብሎ ከተሰማችሁ ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ጨርሷል። ያገለገለ ቮልስ ልትገዙ ስትሄዱም ይህን ሳታደርጉ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ፍሬን ላይ አጭር ነገር ልበል። እግራችሁን ካነሣችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ይዞ የሚቀር ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት የፍሬን ዘይቱን ጎማ ቱቦ ተጠራጠሩ። ውስጡ ያብጥና ዘይቱን ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው።

እሳት

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ነው፤ ከተያያዘ ለማጥፋት በጣም ያስቸግራል። ሁለት ቦታ እዩ።

አንደኛው ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት አጭር የናስ ቱቦ ናት። ፋብሪካ የገጠማት በግፊት ነው። በዘመን ብዛት ትላላለች። ስትወልቅ ፓምፑ ቤንዚኑን በቀጥታ ዲስትሪቢዩተሩና ኮይሉ ወዳሉበት ይረጫል። በእጃችሁ ወዝወዝ አድርጓት። ከተነቃነቀች ያን ቀን አትንዱ። የቤንዚን ጎማዎቹንም እጠፏቸው፤ ስንጥቅ ካሳዩ ይቀየሩ፤ ዋጋቸው ምንም ነው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ያለው ከኋላ መቀመጫ ስር ነው። መቀመጫው ውስጥ የብረት ሞላ አለ፤ ከላዩ ደግሞ የደረቀ ጭድ የመሰለ ሙሌት። የባትሪው ክዳን ከጠፋና ከበድ ያለ ሰው ከላይ ከተቀመጠ ሞላው የባትሪውን ምሰሶ ይነካል። ሞላው ይግላል፣ ሙሌቱ ይያያዛል። ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ማታ መቀመጫውን አንሡና ክዳኑ መኖሩን እዩ። ከሌለ ወፍራም ጎማ ቁረጡና አልብሱት።

ማሰሪያው ከተቀየረ ከወራት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ቮልሴ እንደገና «ጠቅ» እንኳን ሳትል ዝም አለች። አልገፋኋትም። ባትሪው 12.5 ቮልት። የሞተሪኖው ማሳ 0.2። ከስር ተኝቼ ቴስተሩን 50 ቁጥር ላይ አደረግሁና ልጄን «ቁልፉን አዙሪው» አልኳት። 7 ቮልት። ትእዛዙ ከፊት እስከ ኋላ ያን ሁሉ ሽቦ አቋርጦ ሲደርስ ደክሟል። የሽቦውን ጫፍ ነቀልኩት፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ በፒንሳ ጠበቅ አደረግሁትና መለስኩት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኳት።